ማብሪያው ላይ ያልነበረው ጫማ

ኢንጂነር አለማየሁ ሁለቱንም ጫማውን እንዳደረገ ሞቶ ተገኘ። ኢንስፔክተር አጅዋንግን ከሬሳው ይልቅ የከነከናት ግን ጫማው ነበር።

ሬሳው የተጋደመው ባሮ ዳርቻ በታሰረችው፣ «ማታር ቁጥር ሁለት» በምትባለው የብረት የጭነት ጀልባ ሆድ ውስጥ ነው። ቀኝ መዳፉ ከስሏል። አጠገቡ ሽፋኑ የተላጠ ወፍራም ኬብል ወድቋል። ወለሉ ላይ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ ናፍጣና ቅባት የጠገበ ጥቁር ውሃ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ የሟቹ እግሮች ግን ከውሃው በላይ አንድ የብረት አግዳሚ ላይ ቀርተዋል። ገና አንድ ሰዓት ሆኖ ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል። የጋምቤላ ፀሐይ ብረት ካገኘች ምሕረት የላትም።

ከላይ፣ ከመግቢያው አፍ፣ አለቃዋ ኮማንደር ኦቻላ ጮኸባት።

«አጅዋንግ! እዚያ ጎጆ ልትቀልሺ ነው? ገዳዩ ተይዟል፤ ውጪና ፈርሚ!»

«ማነው የተያዘው?»

«ጥበቃው ጋትሉዋክ ነዋ! ጄኔሬተሩን ያስነሳው እሱ። ኢንጂነሩ ጠዋት እንደሚወርድ የተነገረው እሱ። ቂም የያዘውም እሱ። ስምንት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ። ምን ቀረሽ?»

«ጫማ።»

«የማን ጫማ?»

አጅዋንግ አለቃ ሲጮህ ባለመስማት የታወቀች ናት፤ እድገት ሁለት ጊዜ ያለፋትም በዚሁ ጆሮዋ ነው። ቁመቷ አጭር፣ ድምጿ ቀጭን ስለሆነ ሰው ሁሉ ገና ሲያያት ይንቃታል። እሷም እንዲንቋት ትተዋቸዋለች። የናቀ ሰው ብዙ ያወራልና።

ተንበርክካ የሟቹን ግራ በረባሶ አወለቀች። የእግሩ መርገጫ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። የበረባሶው ውስጥ፣ እግር የሚያርፍበት ግን ንጹሕ ነው። ቀኙንም አወለቀች፤ ያው። ግራውን ገልብጣ አየች። በጎማው ጥርሶች መሃል ቀይ ቀለም ተሰግስጓል፤ ገና ያልደረቀ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ። አንደኛውን ጥርስ ሚስማር ቢጤ ቦጭቆታል። ቀኙ ላይ ቀይ የሚባል ነገር የለም። በመጨረሻ ያልተቃጠለውን ግራ እጁን አነሳች። ጥፍሮቹ ስር ነጭ ቀለም ገብቷል።

ሁለቱን በረባሶዎች በፌስታል ጠቅልላ መሰላሉን ወጣች።

ማታር ቁጥር ሁለት ላይ አንድ ሕግ አለ። ጄኔሬተሩ ያለው ወንዙ ዳር በምትገኝ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው፤ መብራቱ ከዚያ በኬብል ወደ ጀልባዋ ይሄዳል። ኬብል ሊነካ ወይም ፓምፕ ሊጠግን ወደ ታች የሚወርድ ሰው፣ አስቀድሞ ቆርቆሮ ቤቷ ይሄድና አንድ እግር ጫማውን ትልቁ ማብሪያ እጀታ ላይ ይሰቅላል። ሌላውን እግር መሰላሉ አናት ላይ ትቶ በባዶ እግሩ ይወርዳል። ማብሪያው ላይ ጫማ ካለ ከታች ሰው አለ ማለት ነው፤ ማንም አይነካውም። ድሮ ወረቀት ይለጠፍ ነበር አሉ። ግን አንዱ ኑዌርኛ፣ አንዱ አኙዋክኛ፣ አንዱ አማርኛ ብቻ የሚያነብ፣ አንዱ ጭራሽ የማያነብ ሆነና ወረቀቱ ማንንም አላዳነም። ጫማ ግን ሁሉም ያነባል። ደግሞ አንድ እግሩን ረስቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው የለም።

ጋትሉዋክ ማንጎ ዛፍ ስር በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። ዙሪያውን የቆመው ሰው እየተቀባበለ ይሰድበዋል። ከሰዉና ከእሱ መሃል አንዲት ረጅም፣ ቀጭን ሴት እጇን ዘርግታ ቆማለች። ኛሙዎን ናት።

«አንቺም ልትረግሚው ነው የመጣሽው? ተራ ያዢ!» አለቻት አጅዋንግን።

«ልጠይቀው ነው።»

«ጠይቀው ሲያበቁ ነው ያሰሩት። ባሌን ወንዝ ወሰደብኝ። ስሙን ደግሞ ኢንጂነሩ በወረቀት ገደለው። አሁን ወንድሙን ልትወስዱ ነው። እኔንስ መቼ ነው የምትወስዱኝ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ወር በፊት፣ ነሐሴ ላይ፣ የዚህችው ጀልባ እህት ማታር ቁጥር አንድ ጭነት ሞልታ ወደ ማታር ከተማ ስትወርድ ሰጠመች። አራት ሰው ሞተ። አንዱ መሪውን የያዘው ታንግ ነበር፤ የኛሙዎን ባል፣ የጋትሉዋክ ታላቅ ወንድም። ኢንጂነር አለማየሁ መርምሮ «ጥፋቱ የመሪው ነው» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ኛሙዎን ቤተክርስቲያን ስትገባ አግዳሚው ይለቀቅላታል። በአክብሮት እንዳይመስላችሁ፤ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፍቶ ነው።

አጅዋንግ ደብተሯን አወጣች። ሽፋኑ ላይ ኳስ ተጫዋች ያለበት፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሚይዙት ዓይነት ደብተር ነው። ሰዉ ሳቀ። «ኢንስፔክተሯ ስንተኛ ክፍል ናት?» አለ አንዱ።

«ጋትሉዋክ፣ ጠዋት ምን አደረግህ?»

«ለአለቃሽ ነግሬዋለሁ።»

«እኔ አለቃዬ አይደለሁም፤ እሱ ከእኔ ይረዝማል።»

ቀና ብሎ አያት። ሊስቅ ምንም አልቀረው ነበር፤ ግን ተወው። «ዘወትር አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጄኔሬተር አስነሳለሁ። ቢልጅ ለማድረቅ።»

«ቢልጅ ምንድነው?»

«ኢንስፔክተር ሆነሽ ይህን አታውቂም? የጀልባ ሆድ፣ የመጨረሻው ታች። የሚያፈስ ውሃ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል፤ ፓምፕ ያወጣዋል። ፓምፑ ትናንት ተበላሸ። ኢንጂነሩ ማታ ላይ ‹ጠዋት እጠግነዋለሁ፤ ማብሪያው ላይ ጫማዬን ካየህ እንዳትነካ› አለኝ። ጠዋት አየሁ። ጫማ የለም። ‹ማታውኑ ጠግኖት ተኝቷል› አልኩ። አነሳሁት። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ። ወዲያው መለስኩት። በእግዚአብሔር ስም፣ ጫማ አልነበረም!»

«ውሸታም! ለወንድሙ ተበቅሎ ነው!» ሰዉ ጮኸ።

አጅዋንግ «ቢልጅ» ብላ ጻፈች። የእጅ ጽሑፏ እንኳ ያስቃል።

ካፒቴን ቢቾክ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ተቀምጦ ፒፓውን ይጠርጋል። ግንባሩ ላይ ስድስት የጠባሳ መስመር ያለው፣ ለሰው ጀርባውን ሰጥቶ የሚያወራ ሽማግሌ ነው።

«ሂጂ ከዚህ። ሴት አፍንጫው ላይ አትቆምም።»

«የት ልቁም ታዲያ?»

«ቤትሽ።»

«እሺ አባባ፣ ስጨርስ እሄዳለሁ። ጩኸቱን ሲሰሙ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ድራፍት ሳይ። ድራፍት ታውቂያለሽ? አታውቂም። ጀልባ ስንት ውሃ ውስጥ እንደገባች፣ ያ ነው ድራፍት። ባሮ ዛሬ ጥልቅ፣ ነገ አሸዋ። ድራፍት የማያይ ካፒቴን ዓሣ ይበላዋል።»

«ከዚያስ?»

«ጮኸ፤ ሮጥኩ። ልወርድ ስል ጎርደን ደረሰ፣ ቦርሳውን ይዞ። ገፋኝ! እኔን! ‹አትውረድ፣ ኬብሉ ገና ይገድላል፣ መጀመሪያ በቴስተር ላረጋግጥ› አለ። ብቻውን ወረደ። ቆየ፤ ቆየ። ‹ሞቷል› ብሎ ወጣ። ሰው ሁሉ ጎርደን ጀግና ነው ይላል። እኔ ደግሞ ፈሪ ሆንኩ። ጻፊው እንግዲህ! ቢቾክ ፈሪ ነው በይ።»

አጅዋንግ አልጻፈችውም። «ኢንጂነሩ ትናንት ምን ይሠራ ነበር?»

ቢቾክ ፒፓውን ብረቱ ላይ አንኳኳ። «ቢላ ይዞ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ የጀልባዋን ጎን እንደ ዓሣ ቅርፊት ይፍቅ ነበር። ‹አብደሃል?› አልኩት። ‹ካፒቴን፣ ታንግን በድዬዋለሁ› አለኝ። ነጭ እንባ አለቀሰ። ከዚያ ከጎርደን ጋር ሄደ።»

«ይህን ለኮማንደሩ ለምን አልነገሩም?»

«ጠየቀኝ? ‹ጋትሉዋክ ኢንጂነሩ እንደሚወርድ ያውቅ ነበር ወይ› ብሎ ጠየቀ፤ ‹አዎ› አልኩ። ሂድ አለኝ። ሄድኩ።»

የጀልባዋ ባለቤት ወይዘሮ ትርንጎ ዳር ላይ ጃንጥላ ዘርግታ፣ ወደ ማታር በሚሄደው ጨውና ሳሙና መሃል ተቀምጣለች። ስልክ ላይ አንዱን እየሰደበች ስለነበር አጅዋንግን በእጇ «ቆይ» አለቻት። ስድቡ አለቀ፤ ተራው የአጅዋንግ ሆነ።

«መቼ ነው ጀልባዬን የምትለቁልኝ? ሰው ሞተ፤ ነፍስ ይማር። ጀልባዋስ ምን አደረገች?»

«አንድ ጥያቄ ብቻ፣ እትዬ።»

«እትዬ? ስንት ዓመቴ መሰለሽ?»

«እህቴ እንበል። ጎኗ ላይ ያለው ነጭ መስመር ምንድነው?»

«ሎድ ላይን ነዋ! ፖሊስ ኮሌጅ ምንድነው የሚያስተምሯችሁ? ጭነት ስንጭን ውሃው እዚያ ሲደርስ እናቆማለን። ከዚያ በላይ አንዲት ካርቶን አልጫንኩም። ማታር ቁጥር አንድም ስትሄድ ውሃው ልክ መስመሩ ላይ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው ግን ‹ትርንጎ አብዝታ ጭና ገደለቻቸው› ይለኛል። አፋቸው ይታሰር!»

«መስመሩን ማን ቀባው?»

«ጎርደን። ጥር ላይ፣ ሁለቱንም። ወንዙ ሸሽቶ ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ ቁጭ ብለው ነበር። የድሮው ቀለም ጠፍቶ ስለነበር ሜትሩን አሸዋው ላይ ተክሎ፣ ወደ ላይ ለክቶ፣ ሲያሰምር እዚህችው ወንበር ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ። ወንበሬንም እይልኝ!» የፕላስቲክ ወንበሩን እግር አሳየቻት፤ ቀይ ነጠብጣብ አለበት። «ትናንት ቦርሳውን አስደግፎብኝ ነው። ያ የዝገት ቀለም ቆርቆሮው ያንጠባጥባል ብለው አይሰማ።»

አጅዋንግ «ድራፍት»ን እና «ሎድ ላይን»ን ከ«ቢልጅ» ስር ደረደረቻቸው። ጠዋቱን ሙሉ ሦስት ቃልና ሠላሳ ስድብ ሰብስባለች።

ኤሌክትሪሻኑ ጎርደን ግን አልሰደባትም።

ቆርቆሮ ቤቷ በር ላይ፣ ጉልበቱ የሚደርስ የላስቲክ ቦቲውን አድርጎ፣ የሸራ ቦርሳውን ከጎኑ አስቀምጦ ነበር። ሲያያት ብድግ አለ። «ይግቡ ኢንስፔክተር። እዚህ ጥላ አለ። ውሃ ልስጥዎት?»

እርስዎ! በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል፣ እርስዎ። ፖሊስን የማይሰድብ ሰው ወይ ደግ ነው ወይ ፈርቷል ትላለች አጅዋንግ ሁሌም። ደግ የሆነውን ለመለየት ጊዜ ይፈልጋል።

«ኤሌክትሪክ አይገባኝም» አለችው። «እንዴት ሞተ?»

«በጣም ቀላል ነው፤ ይጻፉት።» ከቦርሳው እርሳስ አውጥቶ ሰጣትና ደብተሯ ላይ በጣቱ እያሳየ አስረዳት። «ከጄኔሬተሩ ሦስት ሽቦ ይወጣል። እያንዳንዱ ፌዝ ይባላል።»

ፌዝማ ከጠዋት ጀምሮ ጠግባለች። ጻፈችው።

«ፌዝ ወደ መሬት መውረጃ ይፈልጋል። እንደ እሱ ባዶ እግሩን ቢልጁ ውስጥ ቆሞ የተላጠ ሽቦ የያዘ ሰው፣ ሰውነቱ መንገድ ይሆንለታል። ወዲያው ነው። አልተሠቃየም።»

«ምስኪን። ጎበዝ አስተማሪ ነህ። ያ ነጭ መስመርስ? አንተ ነህ አሉ የቀባኸው።»

«እሱ... የቆየ ነው። የነበረውን ነው ያደስኩት። ልክ የነበረበት ላይ።»

«ልክ የነበረበት ላይ» እያለች ጻፈች። እርሳሱን ስትመልስለት አውራ ጣቷ ላይ ቀይ ቀርቷል። ጣቷን ከሱሪዋ ኋላ ደበቀችው።

ከዚያ ጫማዋን አውልቃ፣ የደንብ ልብሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ባሮ ውስጥ ገባች። ሰዉ በፉጨት አጀባት። ኮማንደር ኦቻላ «የፖሊስ ስም አስጠፋች!» ብሎ ፊቱን ሸፈነ። እሷ ከጀልባዋ ጎን ደርሳ በእጇ ዳበሰች። ነጩ መስመር ያምራል፤ ቀጥ ያለ ነው። ከሱ ጀምሮ ወደ ታች አንድ ቦታ በቢላ ተፍቋል። ጣቷን እዚያ አስገባች። የተቦጨቀው ቀለም ስር፣ ብረቱ ላይ፣ ረጅም የብየዳ ጉብታ አለ። ከዚያ እጇን ዘረጋች። ከጉብታው እስከ ነጩ መስመር ልክ አንድ ስንዝር ነው።

ልጅ ሆና በጋ ላይ እዚሁ አሸዋ ላይ ትጫወት ነበር። ባሮ አሸዋ ላይ የተቀመጠ ከባድ ነገር ቁጭ እንዳለ አይቀርም። አሸዋው ቀስ እያለ ይውጠዋል።

ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉንም ጀልባዋ ላይ ሰበሰበቻቸው። ብረቱ እግር ያቃጥላል። ቢቾክ ጀርባውን ሰጥቷል። ትርንጎ ጃንጥላዋን ለራሷ ብቻ ዘርግታለች። ጋትሉዋክ ካቴናው እንዳለ ነው፤ ኛሙዎን ከጎኑ አልተለየችም። ኮማንደሩ ሰዓቱን ያያል። ጎርደን ብቻ ፈገግ ብሎ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፏል።

«አንድ ሰዓት ቀርቶሻል» አለ ኮማንደሩ። «ቀልድሽን ጨርሺ።»

«ዛሬ አራት ቃል ተምሬያለሁ» አለች አጅዋንግ ደብተሯን ገልጣ። «የመጀመሪያው ቢልጅ። ቢልጅ ውስጥ ጥቁር ቅባት አለ። የኢንጂነሩ መርገጫ በዚያ ቅባት ጠቁሯል። የበረባሶው ውስጥ ግን ንጹሕ ነው። ኮማንደር፣ የቆሸሸ እግር ንጹሕ ጫማ ውስጥ ቢቆም ምን ይሆናል?»

«ይቆሽሻል። ታዲያ?»

«ታዲያ አልቆመበትም። ሲሠራ በባዶ እግሩ ነበር። ጫማውን ያደረገለት ሌላ ሰው ነው፤ ከሞተ በኋላ። ሕጉን አክብሯል ማለት ነው። አንዱን እግር ማብሪያው ላይ ሰቅሎ ነበር።»

ጋትሉዋክ ካቴናውን አንቃጨለ። «አልነበረም አልኩሽ!»

«አንተ ስትደርስ አልነበረም። ቀድሞህ የመጣ ሰው አውርዶታል። አንተ እንደ ልማድህ ታየዋለህ፣ ጫማ የለም፣ ታስነሳለህ። ገዳዩ ማብሪያውን አልነካም። ያንተን እጅ ነው የተዋሰው።»

ሁሉም ወደ ቆርቆሮ ቤቷ ዞረው አዩ።

«ከዚያ ጫማው እጁ ላይ ቀረ። ቢጥለው፣ አንድ እግር የጠፋበት ሬሳ ሁሉን ይናገራል። ስለዚህ መመለስ ነበረበት። ሬሳው ዘንድ ብቻውን የወረደው ማነው?»

«ጎርደን» አለ ቢቾክ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አዞረ። «እኔን ገፍቶ!»

«ሰው ላድን ነው የወረድኩት!» አለ ጎርደን። ፈገግታው ገና አልጠፋም። «ኢንስፔክተር፣ ደክሞዎታል...»

«ሁለተኛው ቃል ፌዝ። እሱን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ‹እንደ እሱ ባዶ እግሩን› አልከኝ። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ሬሳውን ያየው በጫማ ነው። ባዶ እግሩን መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ልማዳችን ስለሆነ! ማንም ይገምታል።»

«ይገምታል፤ ልክ ነህ። በግምት ሰው አይታሰርም። እርሳስህን ደግመህ አውሰኝ።»

እጁ ቦርሳው ውስጥ ሲገባ እሷ ቦርሳውን ከነእጁ ያዘች። ታገለ። ቢቾክ ከኋላ አንገቱን አነቀው፤ ለጠዋቱ ግፊያ ውለታ መላሽ ነበር። አጅዋንግ ቦርሳውን ወለሉ ላይ ደፋችውና ውስጡን ወደ ውጭ ገለበጠችው። የሸራው መቀመጫ በቀይ ቀለም ርሷል። በቀዩ መሃል የጎማ ጥርስ ታትሟል፤ አንዱ ጥርስ ተቦጭቋል።

ከፌስታሏ የሟቹን ግራ በረባሶ አውጥታ እላዩ ላይ አስቀመጠችው። ጥርስ በጥርስ ገጠመ።

«ይህ ማብሪያው ላይ የተሰቀለው ነው። ቀኙ መሰላሉ አናት ላይ ስለነበር ቦርሳ ውስጥ አልገባም፤ ቀይ የለውም። አንተ ደግሞ ሁሌ ቦቲ ነው የምታደርገው። ቦርሳህ በረባሶ ከየት አመጣ?»

ጎርደን ከቢቾክ ክንድ ሊያመልጥ ተፈራገጠ።

«ግን ለምን?» አለ ኮማንደሩ። ድምፁ ወርዷል። «ከኢንጂነሩ ጋር ወዳጆች ነበሩ።»

«ለዚህ የቀሩኝ ሁለት ቃላት አሉ። ሎድ ላይን፤ ጀልባ ከዚያ በላይ እንዳትጠልቅ የሚሰመር። ድራፍት፤ የጠለቀችው ልክ። ጎርደን መስመሩን የነበረበት ላይ ነው ያደስኩት አለኝ። ወይዘሮ ትርንጎ ግን አሸዋው ላይ ሜትር ተክሎ ሲለካ አይተውታል። ጥር ላይ፣ ጀልባዎቹ አሸዋ ውስጥ አንድ ስንዝር ሰምጠው ሳለ! መለኪያው ከጀልባዋ ቂጥ ሳይሆን ከአሸዋው ነው የጀመረው። ስለዚህ መስመሩ አንድ ስንዝር ከፍ አለ። የድሮው ምልክት እንዳይጠፋ በብየዳ ብረቱ ላይ ተሠርቷል፤ ከቀለምና ዝገት ስር ተደብቆ ነበር። ኢንጂነሩ ትናንት ፍቆ አገኘው። ነጩ ቀለም ጥፍሩ ስር አለ። እኔም ዳስሼዋለሁ።»

የትርንጎ ጃንጥላ ከእጇ ወደቀ። «እና ልክ መስመሩ ላይ ያቆምኩት...»

«ከልክ በላይ አንድ ስንዝር ጠልቃ ነበር። እርስዎ አላወቁም። ታንግም አላወቀም። ነሐሴ ላይ ማዕበል ሲመታት ምንም ዓይነት መሪ አያድናትም።»

ኛሙዎን እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ጎርደን በቢቾክ ክንድ ስር ሆኖ ማልቀስ ጀመረ። አሁን እርስዎ የለ፣ ፈገግታ የለ። «ለመንኩት! ‹አራት ሰው ሞቷል፤ ዘመዶቻቸው አይለቁኝም፣ ዝም በል› አልኩት። ‹ታንግ ላይ የጻፍኩትን ነገ እሰርዛለሁ› አለኝ። አንድ ስንዝር ነው የተሳሳትኩት! አንድ ስንዝር!»

«ስንዝሯን ይቅር የሚልህ ሰው አይጠፋም ነበር» አለች አጅዋንግ። «አሸዋው ነው ያታለለህ። ጫማውን ሲያወርድ ግን እጅህን ማን አታለለው?»

ኮማንደር ኦቻላ የጋትሉዋክን ካቴና ፈትቶ ጎርደን እጅ ላይ አሠረው። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ጉሮሮውን ጠረገ ብቻ። ጋትሉዋክም አላመሰገነም። እጁ ላይ የቀረውን የካቴና ሰንበር እያሸ ወደ ቆርቆሮ ቤቷ ሄደ፤ ፓምፑ ባይጠገንም፣ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ ጀልባዋን ሬሳው ወደሚወጣበት ወደ ሰፊው መሰላል የሚጎትታት ሞተር አይሠራም።

ኛሙዎን ግን ከጀልባዋ ወርዳ ውሃው ውስጥ ገብታለች። ቢላ ይዛለች፤ ከየት እንዳመጣችው እንጃ። ነጩን መስመር ትፍቀው ጀመር።

«አንቺ! ጀልባዬን!» ብላ ትርንጎ ጮኸች፤ ግን ወዲያው አፏን ዘጋች። ከዚያ፣ ስድብ እንደምትወረውር ዓይነት፣ አንድ ቆርቆሮ ነጭ ቀለምና ብሩሽ ከጭነቱ መሃል ስባ ዳር ላይ አስቀመጠች። «ስትቀቢ ቀጥ አድርጊው! እንደዚያ እንደ ዕውሩ እንዳታደርጊው!»

ኛሙዎን ቀና ብላ አላየቻትም። የብየዳው ጉብታ ብቅ እያለ ነው። በጣቷ እየዳበሰች ትከተለዋለች፤ የታንግን እጅ የያዘች ይመስል።

ዳር የቆመው ሰው እስካሁን አልተበተነም። ጠዋት የሚሳደበው ሁሉ አሁን የሚሰድበው አጥቶ እርስ በርሱ ይተያያል። ይቅርታ ያለ ግን የለም። ጋምቤላ ይቅርታ ለማለት ፀሐይዋ እስክትበርድ ትጠብቅ ይሆናል።

አጅዋንግ ወደ ቆርቆሮ ቤቷ ሄደች። ጋትሉዋክ እጁን ወደ ማብሪያው ሰዶ ነበር።

«ቆይ» አለችው።

«ምን ቀረሽ ደግሞ?»

ጎንበስ ብላ የግራ እግሯን ጥቁር የፖሊስ ጫማ ፈታች። ካልሲዋ አውራ ጣቷ ላይ ተቀዶ ነበር፤ ይታይ ብላ ተወችው። ጫማውን እጀታው ላይ በማሰሪያው ሰቀለች።

«ከታች ሰው አለ» አለችው።

ጋትሉዋክ ጫማውን አየ። ከዚያ ውሃው ውስጥ ቆማ የምትቀባውን የወንድሙን ሚስት አየ። እጁን ከማብሪያው መለሰና በሩ ላይ ቁጭ አለ። አጅዋንግም በአንድ ጫማዋ አጠገቡ ተቀመጠች፤ መስመሩ እስኪያልቅ።